ቁጣም፣ ከልክ ያለፈ ጥበቃም

በሜሪላንድ፣ በሪቨርዴል ፓርክና በአካባቢው ላላችሁ ወላጆች፣ የዛሬው ርዕሳችን በትምህርት ቤት ስለሚደርስ የጉልበተኞች ጥቃት ነው። የምንጀምረው ግን ከቤት ነው።

በብሪታንያ የወሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ከ200 ሺህ በላይ ልጆችን ያካተቱ 70 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ኃይለኛ ቁጣና ቅጣት ባለበት ቤት ያደጉ ልጆች ለጥቃት ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ፤ ይህም ጎልቶ የታየው በተለይ ራሳቸው እየተጠቁ ሌላውንም በሚያጠቁት ልጆች ላይ ነው። ከልክ በላይ የሚጠበቁትም እንዲሁ ለጥቃት ይጋለጣሉ፤ ምናልባትም ጠብን በራሳቸው መፍታት ሳይለማመዱ ስለሚያድጉ ነው። ይህ ማለት ግን ለእያንዳንዱ ጥቃት ተጠያቂው ወላጅ ነው ማለት አይደለም።

ብዙዎቻችን ያደግነው በአለንጋና በግልምጫ ነው። ልጁ ተመትቶ ሲመጣ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» ወይም «አንተም በለው!» ነው። ሁለቱም አፉን ያዘጉታል። ሥርዓት ይኑር፣ ግን ምክንያቱ ይነገረው፤ ሲናገርም እስኪጨርስ ይደመጥ።

ልጃችሁ በትምህርት ቤት ጥቃት ከደረሰበት ደግሞ፣ በሜሪላንድ ከ2005 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት፣ ወላጅ የጥቃት ማመልከቻ ቅጽ ሞልቶ ለትምህርት ቤቱ ማስገባት ይችላል። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ልጃችሁን ለአስተርጓሚነት አትጠቀሙበት፤ ቅጹን ዛሬውኑ ጠይቁ።