መብራት ሆን ተብሎ ሲጠፋ

የዛሬው ርዕሳችን የጥንቃቄ መብራት ማቋረጥ ነው።

አውድማ ላይ ጭድ ተከምሮ ንፋስ ሲነሳ፣ ገበሬው በአቅራቢያው ያለውን እሳት ቶሎ ያጠፋል። እሳቱ ጉዳት ስላደረሰ አይደለም፤ አንዲት ፍንጣሪ ስለምትበቃ ነው። የካሊፎርኒያ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ሣሩ ሲደርቅና ንፋሱ ሲበረታ፣ መስመሩን ራሳቸው ያቋርጣሉ።

ምክንያት አላቸው። በፈረንጆቹ 2018 ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ ያወደመውና 85 ሰዎች የገደለው ቃጠሎ የተነሳው ካረጀ የኤሌክትሪክ መስመር ነበር።

ታዲያ ቤተሰብ እንዴት ይዘጋጅ? ስልክ አስቀድሞ ይሞላል። የእጅ ባትሪ ይዘጋጃል፤ በቃጠሎ ሰሞን ሻማ መለኮስ መቼም አያስኬድም። ማቀዝቀዣ ካልተከፈተ ምግቡን ለ4 ሰዓት ያህል ያቆያል። ልጆች ባሉበት ቤት እንግዲህ ጥበቃ ማቆም ነው! በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመተንፈሻ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ኩባንያው ዘንድ ቀድሞ ይመዝገብ። ጄኔሬተር ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጣል፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ አልባ ጋዝ ይገድላል።

ብዙዎች የሚረሱት የጋራዡን በር ነው። በፈረንጆቹ 2017 በካሊፎርኒያ በደረሰው ቃጠሎ መብራት ጠፍቶ በሩ አልከፈት ስላላቸው ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የሚገጠም የበር መክፈቻ መጠባበቂያ ባትሪ እንዲኖረው ግዛቲቱ በሕግ ደንግጋለች። አሮጌ በር ያለው ቤተሰብ ግን በእጅ የሚከፈትበትን ገመድ ዛሬውኑ ስቦ ይሞክር።

ደግሞም ንፋሱ ቆመ ማለት መብራት መጣ ማለት አይደለም። ሠራተኞች መጀመሪያ መስመሩን እየተዘዋወሩ ይፈትሻሉ። ስለዚህ የጥንቃቄ መብራት ማቋረጥ ከንፋሱ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ውሃውና ስንቁም በዚያው ልክ ይታሰብ።