የወታደር ቋንቋ በምን ይመዘናል?
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



«ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ የለም። ይህ ቃል ለሰው ሁሉ የሚሠራ ቢሆንም፥ በጦር ሜዳ በሁለት ቋንቋዎች መካከል ለሚቆም ወታደር ግን ከተረትነት ያልፋል። «ነገ» የተባለውን «ዛሬ»፥ «ወደ ኋላ» የተባለውን «ወደ ፊት» ብሎ ቢተረጕም፥ የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍሉት ጓደኞቹ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሠራዊት ቋንቋ ዐዋቂ አለኝ ከማለቱ በፊት ዐዋቂነቱን በምን እንደ መዘነው ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1941 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ከጃፓን ጋራ መዋጋት ሳይመጣ አይቀርም ብሎ ስለ ሰጋ፥ ጃፓንኛ የሚያውቁ ወታደሮችን መፈለግ ጀመረ። በምዕራቡ ጠረፍ ከሚገኙት ወታደሮች መካከል ኒሴይ የሚባሉት፥ ማለት ከጃፓን ከፈለሱ ወላጆች በአሜሪካ የተወለዱት፥ ብዙዎች ነበሩ። መልካቸውንና ስማቸውን ያየ ሁሉ የአባቶቻቸውን ቋንቋ አጥርተው ይናገራሉ ብሎ ይገምት ነበር። ዳሩ ግን 3,700 የሚሆኑት ቢመረመሩ፥ ቋንቋውን በሚገባ የሚያውቁት ከመቶ 3፥ ደኅና ችሎታ ያላቸው ከመቶ 4፥ ረዘም ያለ ትምህርት ቢሰጣቸው ሊያገለግሉ የሚችሉት ደግሞ ከመቶ 3 ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ለዚህ ሥራ የሚበቃ ጃፓንኛ አልነበራቸውም።

በዚያው ፍለጋ ጆን አይሶ የተባለ፥ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረ ሰው፥ ተራ ወታደር ሆኖ በመኪና ጥገና ክፍል ውስጥ ተገኘ። እርሱም በኋላ የትምህርት ቤቱ ዋና መምህር ለመሆን በቃ። እንግዲህ ምርመራው ሁለት ነገር አስተማረ፤ ያውቃል የተባለው ሳያውቅ፥ ማንም ያላሰበውም ዐዋቂ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ትምህርት ቤቱ በኖቬምበር 1 ቀን 1941 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ፥ በአንድ የተተወ የአውሮፕላን መጠለያ ውስጥ፥ በ4 መምህራንና በ60 ተማሪዎች ተከፈተ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ፐርል ሃርበር ተደበደበ። በ1942 ዓ.ም. መንግሥቱ በምዕራቡ ጠረፍ የሚኖሩትን ከ110,000 የሚበልጡ የጃፓን ተወላጆች፥ የአሜሪካ ዜጎች የሆኑትን ሳይቀር፥ ከቤታቸው አስነሥቶ በሽቦ በታጠረ ሰፈር ውስጥ አስቀመጣቸው። ትምህርት ቤቱም ወደ ሚኒሶታ ተዛወረ። አስቀድሞ «ቋንቋውን ያውቃሉ» አሰኝቶ ያሳሳተው መልክ፥ አሁን ደግሞ «ጠላቶች ናቸው» አሰኝቶ አሳሳተ።

ሮይ ማትሱሞቶ ከነዚያ ሰዎች አንዱ ነበር። በልጅነቱ በጃፓን አገር ተምሮ የተመለሰ ሲሆን፥ ለውትድርና በፈቃዱ የተመዘገበው በአርካንሳስ ከሚገኘው የእስር ሰፈር ውስጥ ነው። በ1944 ዓ.ም. በሰሜን በርማ አንድ የአሜሪካ ሻለቃ በጃፓን ጦር ተከቦ ሳለ፥ ማትሱሞቶ በጨለማ በደረቱ እየተሳበ ወደ ጠላት ምሽግ ተጠግቶ ወታደሮቹ ስለ ንጋቱ ጥቃት ሲነጋገሩ ሰማ። ጓደኞቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው ጠበቁ። በማግሥቱ አጥቂዎቹ ባመነቱ ጊዜም እንደ ጃፓን መኮንን በጃፓንኛ «ግቡ» ብሎ ትእዛዝ ጮኸ፤ እነርሱም ወደ ተዘጋጀላቸው ተኩስ ገቡ። በጦርነቱ ፍጻሜ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡት ወደ 6,000 ደርሰው ነበር።

አድማጮቻችን ሆይ፤ ማትሱሞቶ በዚያች ሌሊት የተፈተነው በጽሑፍ ሰዋስው አልነበረም፤ በሹክሹክታ የሚነገረውን በመስማት ነው እንጂ። ፈተና ሁሉ ሥራውን መምሰል አለበት የምንለው ስለዚህ ነው። የተማረከ ደብዳቤ የሚያነብ ወታደር በንባብ፥ ምርኮኛ የሚጠይቅ በንግግር፥ ሬዲዮ የሚያዳምጥ በመስማት ሊመዘን ይገባል። በአንዱ ጎበዝ የሆነው በሌላው ደካማ ሊሆን ይችላልና፥ ሦስቱን ደምሮ አንድ ነጥብ መስጠት እውነቱን መሸፈን ነው።

ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነትም አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞቹን የቋንቋ ችሎታ መዝግቦ ለመያዝ ቢነሣ፥ «በደንብ እችላለሁ» የሚለው ቃል በእያንዳንዱ አፍ የተለያየ ትርጕም ስላለው የጋራ መስፈሪያ እንደሌለው ተገነዘበ። ስለዚህ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ከ0 እስከ 5 የሚደርስ ደረጃ አወጣ። 0 ምንም የማያውቅ፥ 3 በሙያው ሥራ በቋንቋው ሊሠራ የሚችል፥ 5 እንደ ተወላጁ የሚናገር ማለት ነው። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮችም በ1976 ዓ.ም. ለሠራዊቶቻቸው ይህን የሚመስል መስፈሪያ አጸደቁ።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ በተማሪው ላይ ብቻ ሊያርፍ አይገባም። በሞንተሬይ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር የቋንቋ ትምህርት ቤት ለዐረብኛና ለኮሪያኛ 64 ሳምንት ሲመድብ፥ አስቸጋሪነታቸውን ዐውቆ ነው። ጊዜ ሳይሰጡ ውጤት መጠየቅ ሳይዘሩ ለማጨድ መነሣት ነው። ከአንድ ክፍል ጥቂቶች ቢወድቁ ተማሪዎቹ ይጠየቁ፤ አብዛኞቹ ቢወድቁ ግን መጽሐፉ፥ መምህሩና የትምህርቱ ዘመን ይመርመሩ።

ይህ ጉዳይ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ወታደሮች ከቤልጅግ፥ ከስዊድንና ከሕንድ መኮንኖች ተምረዋል። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ዓ.ም. ኮሪያ ገብቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋራ ሲሰለፍም፥ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ምሽግ ተገናኙ። በእንደዚህ ያለ ስፍራ የአንድ ቃል መሳሳት ምን እንደሚያስከትል ዘማቾቹ ያውቁታል።

ስለዚህ መዛኞች የሆናችሁ ሁሉ፥ የሰውን መልክና ስም ትታችሁ ችሎታውን መርምሩ። ተማሪዎችም «አላውቅም» ማለትን አትፈሩ። በፈተና ክፍል የሚነገር «አላውቅም» ለጊዜው ያሳፍር ይሆናል፤ በጦር ሜዳ የሚገለጥ አለማወቅ ግን የሌላውን ሰው ሕይወት ያስከፍላል።