ከግላሱ በታች
በአንበሳሜ ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ንግግር



ጥር 25 ቀን የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል በደብረ ታቦር በፈረስ ጉግስ ይከበራል። ከሩቅ ገጠር የሚመጣ ፈረስ ግን ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱን በመንገድ አጋምሷል።

በውጭው ዓለም የረጅም ርቀት ግልቢያ ውድድር ሐኪም በየማረፊያው የፈረሱን የልብ ምት ይቆጥራል። ምቱ በተወሰነው ጊዜ በደቂቃ ወደ 64 ካልወረደ፣ ጋላቢው ምንም ቢለምን ፈረሱ ይታገዳል። እኛ በየሜዳው ሐኪም የለንም፤ ጣት ግን አለን። በመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር ዳስሶ መቁጠር ይቻላል፤ ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል።

ከሁሉ የሚከፋው ገጠብ ነው። ያማረው ግላስ ቁስሉን ይሸፍነዋል፤ ተመልካቹ ጌጡን ያደንቃል (ማማሩን እኔም አልክድም)፣ ፈረሱ ግን ይቃጠላል። በሰንበት እንስሳውም እንዲያርፍ መታዘዙን እያስተማርን፣ በበዓል ቀን በቆሰለ ጀርባ ላይ ሲቀመጡ አይቶ ዝም ማለት አይገባንም።

ስለዚህ ጋላቢው ወደ ሜዳው ከመግባቱ በፊት ኮርቻውን አውርዶ ጀርባውን ያሳይ። ጠያቂው ወጣት ቢሆን ይሰደባል፤ የንስሐ አባቱ ቢሆኑ ግን ያወርዳል። ገጠብ የተገኘበት ፈረስ ያን ዕለት ውኃና ድርቆሽ ያግኝ፤ ጋላቢውም በእግሩ ያክብር።