የድድ ሕመም ሕክምናና የምራቅ ምስክርነት፦ ቡታጅራን መነሻ ያደረገ ንግግር



የድድ ሕመም በአብዛኛው ሳያሳምም የሚገፋ በሽታ ነው። ድድ ይደማል፣ ያብጣል፣ ከጥርሱ ይላቀቃል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ቀስ በቀስ ይመናመናል። ብዙ ታማሚዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት ጥርሳቸው መነቃነቅ ሲጀምር ነው፤ በዚያን ጊዜ መንቀል ብቸኛው ምርጫ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ጽኑ የድድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከ1 ቢሊዮን እንደሚበልጡ ገምቷል።

በጥርስና በድድ መካከል ፕላክ ሲከማች ሰውነት ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያዘምታል። እነዚህ ሕዋሳት ባክቴሪያን ከሚገድሉባቸው መንገዶች አንዱ ከኦክስጅን የሚመነጩ አጥቂ ውሑዶችን መርጨት ነው። መሣሪያው ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። የውሑዶቹ መጠን ከሰውነት መከላከያ ሲበልጥ የራሳችን ሕዋሳት ቅባት፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ይጎዳሉ። ይህ የሚዛን መዛባት ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል።

ምራቅ የዚህን ጉዳት አሻራ ይይዛል። ከተጎዳ ቅባት የሚመነጨው ማሎንዳይአልዲሃይድና ከተጎዳ ዲኤንኤ የሚወጣው 8-ሃይድሮክሲዲኦክሲጓኖሲን የታወቁ ጠቋሚዎች ናቸው። በመከላከያው ወገን ደግሞ በምራቅ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ዩሪክ አሲድ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጃፓን የተደረጉ ጥናቶች ሁለተኛው ጠቋሚ በድድ ታማሚዎች ምራቅ ውስጥ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ፣ ከሕክምና በኋላም እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ሕክምናው ምን ነበር? ፕላኩንና ደድሮ ድንጋይ የሆነውን ታርታር ከድድ በላይም ከድድ በታችም ማንሳት፣ ማለትም በተለምዶ የጥርስ እጥበት የምንለውን እስከ ሥሩ ድረስ ማካሄድ ነው። መንስኤው ሲወገድ ዘመቻው ይበርዳል፤ ጉዳቱም ይቀንሳል። ቪታሚን መዋጥ ይህን ሥራ ሊተካ አይችልም።

ይህ ዕውቀት ለቡታጅራ ምን ፋይዳ አለው? በዚህ አካባቢ በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡመዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን መሥርቷል። አንድ የከተማና ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችን ያቀፈው ይህ ፕሮግራም ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ፣ ማኅበረሰብን በቅርብ መከታተል እንደሚቻል አሳይቷል። መርፌ የማይጠይቀው የምራቅ ናሙና ለእንዲህ ያለ የመስክ ሥራ ይመቻል።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የቡታጅራ ጥናት 10,468 ጎልማሶችን ጠይቆ፣ 50 በመቶው በወቅቱ ጫት ይቅሙ እንደነበር አግኝቷል፤ ከቃሚዎቹም 17.4 በመቶው በየዕለቱ ይቅሙ ነበር። ማኘክ የምራቅን ፍሰት ስለሚጨምር የጠቋሚዎቹን ክምችት ያቀጥናል፤ ጫት ደግሞ አፍን ያደርቃል። ጫት በድድ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በተመለከተ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እርስ በርስ አልተስማሙም። ሲጋራም የድድን መድማት እየሸፈነ ሐኪሙን ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ የሰውየውን ልማድና ናሙናው የተወሰደበትን ሰዓት ያልመዘገበ ጥናት፣ ቁጥሩ የበሽታው ይሁን የልማዱ መለየት ይሳነዋል።

ነገ በየጤና ተቋሙ ለምትመደቡ ተማሪዎች መልእክቴ ይህ ነው። የምራቅ ምርመራ ለተመራማሪ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ በጤና ተቋም ግን የሐኪሙን ምርመራ ገና አልተካም። ታማሚ ለመርዳት የቤተ ሙከራ ውጤት መጠበቅ አያሻችሁም። ምልክት በተሰመረበት ቀጭን መለኪያ በድድና በጥርስ መካከል ያለውን ጥልቀት ለኩ፤ ከ3 ሚሊሜትር ካለፈና ከደማ ምክንያቱን ፈልጉ። አጽዱ፤ አቦራረሽን፣ መፋቂያ ለሚጠቀሙም አፋፋቁን አሳዩ፤ ከሳምንታት በኋላ መልሳችሁ ለኩ። ስለ ጫትና ስለ ሲጋራ ስትጠይቁ ያለ ነቀፌታ ይሁን፤ የተነቀፈ ሰው እውነቱን ይደብቃል።

ጥርስ ከተነቀለ አይመለስም። የሚደማ ድድ ግን በጊዜው ከታከመ ይድናል።