መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ማኅደር

በሬዲዮ የተደረገ ንግግር



በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆንዋ የታወቀ ነው። በዚያ ተማሪው ዜማውን በቃሉ ያጠናል፤ ድጓውንም በብራና ይጽፋል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የተባለውም ስለዚህ ነው።

ኮምፒዩተር የሚባለውም መሣሪያ ሁለት ማኅደር አለው። ፊተኛው ሥራው የሚካሄድበት ፈጣን ማኅደር ነው። በውስጡ የተያዘው ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ቶሎ ስለሚፈስስ፥ እንደ ተለመደው አሠራር በየ64 ሚሊ ሴኮንዱ ይታደሳል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉን ይረሳል። ሁለተኛው ፍላሽ የተባለው ነው። ይህም ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው ሲሆን፥ ኤሌክትሮኖችን አስሮ ስለሚያኖር ያለ መብራት ለዓመታት ይጠብቃል። ነገር ግን ከፊተኛው የዘገየ ነው፤ ደጋግሞ መፋቅም ያደክመዋል።

እንግዲህ በገሳይ ወይም በደብረ ታቦር አንድ ጸሐፊ የተማሪዎችን ውጤት ሲመዘግብ መብራት ድንገት ቢጠፋ፥ ወደ ሁለተኛው ማኅደር ያልተላለፈው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ፍጥነትንና ጽናትን በአንድነት ለማስገኘት መሐንዲሶች ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. በአሜሪካ ዊርልዊንድ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ የዋሉት የማግኔት ቀለበቶች ኃይል ቢቋረጥም የያዙትን አይለቁም ነበር፤ በኋላ ግን ርካሽና ፈጣን በሆነው፥ ነገር ግን በሚረሳው ማኅደር ተተኩ። ኢንቴልና ማይክሮንም በ2015 ሁለቱን ጠባይ የሚያቀራርብ አዲስ ማኅደር አስታወቁ፤ ንግዱ ስላልቀና ኢንቴል በ2022 ሥራውን ማቆሙን ገለጠ።

ይሁን እንጂ ጽናት ብቻውን አይበቃም። መዝገቡ እኩሌታው ታድሶ እኩሌታው ሳይታደስ ኃይል ቢቋረጥ፥ ጽኑው ማኅደር ስሕተቱንም አጽንቶ ያኖረዋል። ስለዚህ ብልህ አሠራር አዲሱን በሌላ ስፍራ ይጽፋል፤ ተሟልቶ መጻፉን ያረጋግጣል፤ አሮጌውን የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው። አስተዋይ ጸሐፊም ቢሆን አዲሱን ቅጂ ከምንጩ ጋር ሳያመሳክር አሮጌውን ብራና አይፍቅም።

መዝገብ የምትጠብቁ ሁሉ፥ መሣሪያ ስትገዙ ፍጥነቱን ብቻ አትጠይቁ። መብራት ቢጠፋ የጀመረውን ጽፎ የሚጨርስበት መጠባበቂያ ኃይል እንዳለው መርምሩ፤ ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ስፍራ አኑሩ። የተማሪው ማስረጃና የገበሬው የመሬት መዝገብ የሚጠቅሙት ስለ ቆዩ ብቻ ሳይሆን፥ እውነት ሆነው ስለ ቆዩ ነውና።