የቆቦ ልጅ እና የአሸዋው ፕላኔት

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ የዶርም ጓደኞቼ፣

ተማሪ ሳለን ሳይንስ ፊክሽን ሳነብ «ይሄ ደግሞ ጠፈር ወጣ» እያላችሁ ትስቁብኝ ነበር። ዛሬ መልሴን ልስጥ።

የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» (1965 እ.ኤ.አ.) ባዕድ አልሆነብኝም። በዚያ ደረቅ ፕላኔት ሰው ላቡን አጣርቶ ይጠጣል፤ ሰው ፊት መትፋት እንኳ ክብር መስጠት ነው፣ ውሃ ማካፈል ነዋ! እኔ ያደግሁት ቆቦ ነው። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ወደ ማሽላው ስንመራ፣ አባቴ ሌሊቱን አካፋውን ታቅፎ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ተራው ያለፈበት ሰው ዓመቱ አለፈበት ማለት ነው። በ2021 የወጣው ፊልም አሸዋውን አሳምሮ አሳይቶኛል፤ ውሃ ጠብታ በጠብታ ሲቆጠር ያየሁት ግን መጽሐፉ ላይ ነው።

ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ አገራችን ውስጥ በአማርኛ የሠራውን «ክራምብስ»ንም (2015 እ.ኤ.አ.) እወደዋለሁ። ዳንኤል ታደሰ የሚተውንበት፣ የጠፈር መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ የምትታይበት ፊልም ነው። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ እኛ እዚያ የምንታየው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ዛሬ የራያ ቆላ ገበሬ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ በሞተር ስቦ ሽንኩርት ያለማል። ውሃው ለልጅ ልጆቹ ይተርፍ ይሆን? ለእኔ ከዚህ የበለጠ የሳይንስ ፊክሽን ጥያቄ የለም። መምህሮቻችን፣ እናንተ አጥኑት፤ ተማሪዎቻችሁ ደግሞ ይጻፉት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ግን አደራ፣ አካፋ የያዘ ይሁን።