ሳይቃጠል በቅጠል፦ ያገለገለ የሞተር ጀልባንና ተጎታቹን ከወቅቱ በፊት ስለ መጠገን

በኩታበር ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል



በዚህ ደጋ ላይ ቆሞ ስለ ጀልባ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን ዛሬ የምናገርላት ጀልባ ክረምቱን ያሳለፈችው እዚሁ፣ በወንድሜ ግቢ፣ በሸራ ተሸፍና ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በተጎታቿ ላይ ተጭና 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ደሴ ትገባለች፤ ከዚያም ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ወደ ሐይቅ ትወርዳለች። የዛሬው ጥያቄዬ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ምን መሠራት አለበት? የሚል ነው።

በቅድሚያ ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። በ2011 ዓ.ም. ከባልደረቦቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ለውኃ ናሙና መውሰጃ የምትሆን ያገለገለች ጀልባ ከነሞተሯና ከነተጎታቿ ገዛን። ሻጩ ሞተሩን ሲያሞግስ «እጅ ያልነካው ነው» አለን፤ እኛም ደስ አለን። በመጀመሪያው ወቅት ሦስት ተማሪዎችን ይዤ ከሐይቁ መካከል እንደ ደረስሁ ሞተሩ ግሎ ቆመ። የከሰዓት በኋላው ነፋስ ተነሥቷል። የሐይቅ ጥልቅ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ በእጃችን ያለው ደግሞ አንድ መቅዘፊያ ብቻ ነበር። እየተፈራረቅን ቀዝፈን፣ ሊመሽ ሲል ዳር ደረስን። ሞተሩን ስንፈታው የማቀዝቀዣ ውኃ የሚስበው የጎማ ተሽከርካሪ ክንፎቹ ደርቀው ረግፈዋል። «እጅ ያልነካው» የተባለው ለካ ምስጋና ሳይሆን የበሽታው ስም ኖሯል። በሜካኒካል ምሕንድስና የዶክትሬት ማዕረግ የያዝሁ ሰው፣ በጥቂት ቡሎን የተያዘ ክዳን ሳልከፍት የሰው ልጆችን ይዤ መውጣቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከዚህ የተማርሁት ነገር አጭር ነው። ያገለገለ መሣሪያ ማለት ታሪኩ የጠፋበት መሣሪያ ነው። ታሪኩ የማይታወቅን ነገር ደህና ነው ብሎ መገመት አይገባም፤ ከፍቶ ማየት፣ ያዩትንም መጻፍ ይገባል።

ከሞተሩ እንጀምር። የውኃ ፓምፑ ጎማ መቼ እንደ ተቀየረ ካልታወቀ፣ ደህና ቢመስልም ይቀየር። ጎማው በአንድ አቋም ለወራት ሲቆም ክንፎቹ ታጥፈው ይቀራሉ፤ ውኃ ሳይኖር ሞተሩ ቢነሣ ደግሞ በጥቂት ሰኮንዶች ይቃጠላል። ስለዚህ በግቢ ውስጥ ስትሞክሩት የታችኛው ክፍል በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይሁን፤ ከጎኑ የሚወጣውን ቀጭን የውኃ ፍሰትም ተመልከቱ። ፍሰቱ ካልታየ ወዲያው አጥፉት።

ቀጥሎ የማርሽ ዘይቱን ከታችኛው ቡሎን አፍስሱ። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል፤ ዘይት መለወጥ ብቻውን አይበቃም፣ መከላከያ ጎማዎቹም መቀየር አለባቸው። አዲሱን ዘይት ስትሞሉ ከታች ወደ ላይ፣ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ይሁን፤ ከላይ ብትሞሉት አየር ይታፈናል። ያደረ ቤንዚን ይደፋ ዘንድ፣ ማጣሪያው ይለወጥ ዘንድ፣ የተሰነጣጠቀ የነዳጅ ቱቦም ይጣል ዘንድ ግድ ነው። ከጀልባ ወለል ሥር የተጠራቀመ የቤንዚን ትነት የእሳት ጠንቅ ነውና።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር የተለየ ጉዳይ አለ። የጀልባ ሞተሮች በአብዛኛው የሚስተካከሉት ለባሕር ጠረፍ ነው። የእኛ ሐይቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይደክማል። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው 32 ገደማ ቢሰጥ የሻጭ ማታለል አይደለም፤ የፊዚክስ ሕግ ነው። መፍትሔው የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ በአነስተኛ መቀየርና ሞተሩ የሚችለውን፣ እርምጃው አጠር ያለ ፕሮፔለር መግጠም ነው። የሚጫነው ሰው ቁጥርም በዚያው መጠን ይቀንስ።

ሌላው የውኃው ጠባይ ነው። ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስበት መውጫ የለውም፤ ከአርዲቦ በአንቻርቃ ወንዝ በኩል ከሚመጣው ውኃ የሚተነው ይተንና ማዕድኑ ይቀራል። ስለዚህ ውኃው ወደ አልካላይነት ያደላል። አሉሚኒየም ደግሞ ራሱን የሚጠብቅበት ስስ ሽፋን በአልካላይን ውኃ ይሳሳል። የሞተሩ ቀለም የተላጠበትን ቦታ ሳትቀቡ፣ በስሎ ያለቀውንም የዝገት መከላከያ ብረት ሳትቀይሩ ጀልባውን ውኃ ውስጥ አታሳድሩ።

ወደ ተጎታቹ ልለፍ። ብዙ ሰው ጀልባውን መርምሮ ተጎታቹን ይረሳል፤ ነገር ግን ከደሴ ቁልቁል ስትወርዱ ሕይወታችሁም፣ የሌላው መንገደኛ ሕይወትም የተንጠለጠለው በተሽከርካሪ ኩሽኔታው ላይ ነው። ቁልቁለቱ ኩሽኔታውን ያግለዋል። የጋለው የጎማ እንብርት በቅጽበት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመከላከያ ጎማው በኩል ውኃ ይስባል። ግራሶው ይነጣል፤ ጀልባዋ ክረምቱን ስትቆም ኩሽኔታው በዝምታ ይዝጋል፤ በቀጣዩ ዓመት ጉዞም ይነክሳል። ስለዚህ ከወቅቱ በፊት በክሪክ አንሡት፣ ፍቱት፣ በነጭ ጋዝ እጠቡት፤ የተጫረ ወይም የተበሳሳ ነጥብ ያለበትን ጣሉ፤ ደህናውን በአዲስ ግራሶ ሙሉት። በጉዞ ላይ በቆማችሁ ቁጥር እንብርቱን በእጃችሁ ዳስሱ። ሐይቅ ስትደርሱም ወዲያው አትንከሩት፤ ቡና ጠጡና እስኪበርድ ጠብቁ።

የተጎታች ጎማ ከመበላት ይልቅ በእርጅና ነው የሚሞተው። በጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2318 ማለት የ2018 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። ግን አቆጣጠሩ የአውሮፓ መሆኑን አትርሱ። በእኛ አቆጣጠር ያነበበው ሰው አርጅቶ የተሰነጠቀን ጎማ 7 ወይም 8 ዓመት ያሳንሰዋል። ከዚህም ሌላ ከጭነቱ 10 በመቶ ያህል ክብደት በመጎተቻው አንገት ላይ ይረፍ፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተጎታቹ በመንገድ ላይ ይወዛወዛል። የደኅንነት ሰንሰለቱ፣ መብራቱና ማሰሪያው ሌሊት ሳይሆን በቀን ይፈተሹ።

የሕይወት መከላከያ ጃኬቶችን በጥልቀት ከመተማመናችሁ በፊት፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ለብሳችሁ ሞክሯቸው። የውኃ ማፍሰሻው ቡሽ መዘጋቱን ከማውረዳችሁ በፊት ሁለት ሰው ይመልከት። የመጀመሪያው ጉዞ ያለ ተሳፋሪ፣ በዳር በዳር፣ ሁለት መቅዘፊያና ገመድ ተይዞ ይሁን።

በመጨረሻም ደብተር ግዙ። ምን እንደ ተከፈተ፣ ምን እንደ ተቀየረ፣ በማን እጅና በየትኛው ቀን እንደ ተሠራ ጻፉበት። የእኛ ደብተር ዛሬ ስድሳ ገጽ ደርሷል። አንድ ቀን ጀልባዋን ብንሸጣት «እጅ ያልነካት ናት» አንልም፤ ደብተሩን እንሰጣለን።

በየተቋሞቻችን ቆመው የሚዝጉ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹን ያቆማቸው ታላቅ ብልሽት ሳይሆን በጊዜው ያልተለወጠች ትንሽ ጎማ፣ ያልተቀባች አንዲት ኩሽኔታ ናት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው። እናንተ ተማሪዎች በዲፕሎማችሁ ከምትኮሩበት ይልቅ ግራሶ በነካው እጃችሁ ኩሩ። ያን ቀን ከእኔ ጋር የቀዘፉት ሦስቱ ተማሪዎች ዛሬ መሐንዲሶች ናቸው፤ በደህና የወጡት ግን በእኔ ዕውቀት ሳይሆን በክንዳቸው ነው። ለእናንተ የምመኘው ከዚህ የተሻለ ነው።